የባለጸጋ ልጅ ትምህርት ለምኑ ነው?

 

ከጁሙዓ ሶላት በኋላ በመስጊድ ደጃፍ፣ በሰርግ ድንኳንና በለቅሶ ቤት አንድ ንግግር እየተዘወተረ መጥቷል። የአንድ ስመ ጥር ሯጭ፣ ዘፋኝ ወይም ከበርቴ ስም ይነሣል፤ ልጁ አሥረኛ ክፍል ሳይጨርስ ደብተሩን ጥሎ መኪና መንዳት መጀመሩ ይወራል። ያን ጊዜ ከተቀመጡት አንዱ፣ «ታዲያ ምን ያድርግ? ሰው የሚማረው ለእንጀራ አይደል? የእሱ እንጀራ እንደሆን ተጋግሮ፣ ወጡም ተሠርቶ ጠብቆታል» ይላል። የቀሩትም ይስቃሉ፤ ነገሩም በዚያው ያልፋል።

እኔ ይህን ንግግር ለመተቸት ብዕሬን ያነሣሁት የሰው ልጅ ትምህርቱን አቆመ አላቆመ ብዬ ሐሜት ለማብዛት አይደለም። በዚያው ድንኳን ጥግ ቁጭ ብሎ የሚያዳምጥ የእኛ የአሥራ አራትና የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ስላለ ነው። ከሽማግሌዎች አፍ የሚሰማው፣ ትምህርት የድኃ ቅጣት እንደሆነና ገንዘብ ያገኘ ሰው ከዚህ ቅጣት ነፃ እንደሚወጣ ነው። ይህን የሰማ ልጅ ነገ ገንዘብ ባገኘ ማግስት ምን እንደሚያደርግ መገመት አያስቸግርም።

የንግግሩ መሠረት፣ «ሀብት ካለ ትምህርት ይቀራል» የሚል ነው። ታዲያ ዲናችን በሀብትና በልጅ መካከል ያኖረው ምንድን ነው? አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱ-ን-ኒሳእ በአምስተኛው አንቀጽ፣ ገንዘብ የኑሮ ምሰሶ መሆኑን ገልጾ፣ ማስተዳደር ለማይችሉ ቂሎች አሳልፈን እንዳንሰጥ ከልክሎናል፤ ከርሱ እንድናበላቸውና እንድናለብሳቸው፣ በመልካም ቃልም እንድናነጋግራቸው ግን አዟል። ቀጥሎ ባለው አንቀጽ ደግሞ የቲሞችን ለጋብቻ እስኪደርሱ ድረስ እንድንፈትናቸው፣ «ሩሽድ» ካየንባቸውም ገንዘባቸውን እንድናስረክባቸው ደንግጓል። ሩሽድ ማለት በኢማም አቡ ሐኒፋና በብዙዎቹ ዑለማ ዘንድ ገንዘብን በአግባቡ የመያዝ ብስለት ነው፤ በኢማም ሻፊዒይ ዘንድ ደግሞ የገንዘብ አያያዙም ዲኑም አብረው ያማሩለት ሰው ነው ራሺድ የሚባለው።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስተውል። የተወራለት ልጅ የቲም ነው፤ ገንዘቡም የገዛ ራሱ ነው። አባቱ ሞቶ አውርሶታል፤ ማንም የሚከራከረው የለም። ሆኖም ሸሪዓው «ገንዘብ አለህና ፈተና አያስፈልግህም» አላለውም። ይልቁንም የሚፈተነው ገንዘብ ስላለው ነው። ምንም ያልወረሰ የቲም በዚህ አንቀጽ ለመፈተን የሚቀርብበት ጉዳይ የለውም። እንግዲህ በድንኳኑ የሚነገረው ቃልና የቁርአኑ ድንጋጌ ፊትና ኋላ ናቸው። አንዱ ሀብት ከመማር ነፃ ያወጣል ይላል፤ ሌላው ሀብት ፈተናን ግዴታ ያደርጋል።

ፈተናው ምን ዓይነት እንደሆነም ፉቀሃዎች ለግምት አልተዉልንም። የኢማም ነወዊን «ሚንሃጁ-ጧሊቢን» የቀራ ደረሳ ሁሉ ቦታውን ያስታውሰዋል። የነጋዴ ልጅ በመግዛትና በመሸጥ፣ ዋጋ በመከራከር ይፈተናል። የገበሬ ልጅ በእርሻ ሥራና ለሠራተኞች በሚያወጣው ወጪ ይፈተናል። ባለሙያ ልጁን በሙያው ይፈትነዋል። ሴት ልጅ በፈትሏና በጥጧ፣ እንዲሁም ምግብን ከድመት በመጠበቅ ትፈተናለች። (ድመቷ ላይ ሲደረስ ደረሳው ሁሉ ይስቃል፤ ነገር ግን ቤት ያስተዳደረች እናት አትስቅም።) ፈተናው አንድ ጊዜ ብቻ አይበቃም፤ ሁለት ጊዜና ከዚያ በላይ መደጋገም አለበት። ጊዜውም በሚመረጠው አባባል ከብሉግ በፊት ነው፤ ማለትም ገና በልጅነቱ።

በዚህ መስፈሪያ ስንመዝነው አንድ የሚያስገርም ነገር እናገኛለን። በእኛ በራቤል ገበያ በግ እየነዳ የወጣ የአሥርና የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ አባቱ ጥግ ቆሞ እያየው ከነጋዴ ጋር ይከራከራል፤ ይወርዳል፣ ይወጣል፣ ገንዘቡንም ቆጥሮ ይቀበላል። ይህ ልጅ ሚንሃጅን የሚያውቅ ባይሆንም በሚንሃጅ ሥርዓት እየተፈተነ ነው። ያ በከተማ ያለ የዝነኛ ሰው ልጅ ግን አሥራ ሰባት ዓመት ሲሞላው አንድም ቀን ዋጋ አልተከራከረ ይሆናል፤ የሚፈልገውን ሲጠይቅ «የለም» ያለው ሰው አላጋጠመው ይሆናል። ታዲያ ከሁለቱ ማንኛው ነው ትምህርት የቀረበት?

ለመሆኑ የዝነኛ ልጅ በምን ይፈተን? ኪታቡ ሲጻፍ እንዲህ ያለ ባለሙያ ስላልነበረ አልተጠቀሰም። መንገዱን ግን አሳይቶናል፤ እያንዳንዱ ልጅ የሚፈተነው ነገ በእጁ በሚገባው ነገር ነው። የዝነኛ ሰው ሀብት በጎተራ ያለ ገብስ አይደለም። የማስታወቂያ ውል ነው፣ የሕንፃ ብድር ነው፣ የአክሲዮን ድርሻ ነው፣ የግብር ደረሰኝ ነው። ከሁሉ በላይ ደግሞ ስም ነው፤ ስም ደግሞ ማንም እየመጣ ሊጠጋበት የሚችል ጥላ ነው። የውልን አንቀጽ አንብቦ ያልተጻፈውን የሚጠይቅ፣ ከመቶ ስንት እንደሆነ አስልቶ የሚደርስበት፣ አመስጋኙን ከወዳጁ የሚለይ ልጅ ያስፈልጋል። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ የሚገኙት በቋንቋና በሒሳብ ትምህርት ነው። ሦስተኛው ግን በመጽሐፍ አይገኝም፤ የማይፈራ መምህር ይፈልጋል።

ይህን የመጨረሻውን የሚያስረዳልኝ የዑመር ኢብን ዐብዱልዐዚዝ (ረ.ዐ.) ልጅነት ነው። አባቱ ዐብዱልዐዚዝ ኢብን መርዋን የግብፅ አስተዳዳሪ፣ አጎቱ ዐብዱልመሊክ ኸሊፋ ነበሩ። በዚያ ዘመን ከዚህ በላይ ባለጸጋና ዝነኛ ቤት አልነበረም። አባቱ ግን ልጁን ከግብፅ ቤተ መንግሥት አውጥቶ በመዲና እንዲማር፣ ሷሊሕ ኢብን ከይሳንም እንዲያንጸው አደረገ። አንድ ቀን ልጁ ከሶላት ዘገየ። መምህሩ ምክንያቱን ሲጠይቀው ጸጉር አበጣሪዬ ጸጉሬን እያስተካከለችልኝ ነበር አለ። ሷሊሕ ነገሩን አላለፈውም፤ የጸጉር ማማር ከሶላት እስኪበልጥብህ ደረስህ ወይ ብሎ ገሠጸው፤ ለአባቱም ጻፈ። አባትዬው ከግብፅ መልእክተኛ ላከ፤ መልእክተኛውም ከልጁ ጋር አንዲት ቃል ሳይነጋገር በፊት ጸጉሩን ላጨው።

ብዙዎቻችን ይህን ታሪክ ስናወራ የመላጨቱን ነገር እናደንቃለን። እኔን የሚያስደንቀኝ ግን ደብዳቤው ነው። የገዥ ልጅ አጥፍቷል ብሎ ለገዥው የጻፈ መምህር አለ፤ ደብዳቤው ሲደርሰው በመምህሩ ላይ ያልተቆጣ አባትም አለ። በዘመናችን ስንት ባለጸጋ አባት ነው እንዲህ ያለውን ደብዳቤ ተቀብሎ መምህሩን ሳያስባርር የሚያድር?

ያ ልጅ በ99 ዓመተ ሂጅራ ኸሊፋ ሆነ፤ በ101 ሲያርፍ ለአሥራ አንድ ወንዶች ልጆቹ የደረሳቸው ጥቂት ጥቂት ዲርሃም እንደነበረ፣ የአጎቱ ልጅ የሂሻም ኢብን ዐብዱልመሊክ ልጆች ግን እያንዳንዳቸው አንድ ሚሊዮን እንደወረሱ የታሪክ ሰዎች ያወሳሉ። ያንኑ የሚተርከው ሰው በኋላ ዘመን ከዑመር ልጆች አንዱ በአላህ መንገድ መቶ ፈረስ ሲያስጭን፣ ከሂሻም ልጆች አንዱ ደግሞ ምጽዋት ሲሰጠው ማየቱን ተናግሯል። ዘገባውን የሚያነሡት ብዙ ጊዜ ስለ ተቅዋ ነው፤ ትክክል ነው። ግን ስለ ተርቢያም ይናገራል፤ ሚሊዮን የወረሱት ምን እንደጎደላቸው ይጠይቀናል።

ወደ አገራችን እንምጣ። እዚህ ላይ የምጽፈው አንዳንድ አንባቢን ቅር ያሰኝ ይሆናል፤ ምክንያቱም የማነሣው ሰው በእኛ በሙስሊሞች ቤት በፍቅር የሚታወሰው ልጅ ኢያሱ ነው።

ልጅ ኢያሱ የወሎው ራስ ሚካኤል (በቀድሞ ስማቸው ኢማም ሙሐመድ ዐሊ) ልጅ፣ የአፄ ምኒልክ የልጅ ልጅ ነበር። በዘመኑ ኢትዮጵያ በሀብትም በዝናም ከርሱ የሚስተካከል ታዳጊ አልነበረም። ምኒልክ በ1901 ዓ.ም. በስማቸው የሚጠራውን ዘመናዊ ትምህርት ቤት ሲከፍቱ ኢያሱ ከመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች መካከል ነበር፤ ተፈሪ መኮንንም እዚያው ገብተው ነበር። በዚያው ዓመት ግንቦት ላይ ግን አልጋ ወራሽ ተብሎ ታወጀለት፤ ሚስትም ተዳረለት። ዕድሜው ዐሥራ አራት ዓመት ገደማ ቢሆን ነው። ሞግዚት የተደረጉለት ራስ ተሰማ ናደው በ1903 ዓ.ም. ሲሞቱ በቦታቸው ሌላ ሞግዚት አልተተካም። ከዚያ በኋላ በኢያሱ ዙሪያ ሺህ ሰው ነበር፤ የሚገሥጸው ግን አልነበረም።

ስለ ኢያሱ የሚጻፈው ሁለት ዓይነት ነው። ጠላቶቹ ከአደንና ከሴት በቀር ሥራ ያልነበረው ባለጌ አድርገው ይስሉታል። ወዳጆቹ ደግሞ፣ እኛም ጭምር፣ ለሙስሊሙ በር ስለከፈተ ብቻ የተሠዋ አድርገን እናየዋለን። ሁለቱም ወገን የሚዘነጋው ነገር አለ። ኢያሱ የማሰብ ችሎታ አልጎደለውም። የሌባሻይንና የቁራኛን ሥርዓት ለማሻሻል ሞክሯል፤ ሐረርጌን፣ ሱማሌንና አፋርን እንደ ዳር አገር ሳይሆን እንደ አገሩ ሰው ቆጥሯል። ይህ ለአንድ የሃያ ዓመት ወጣት ትልቅ አስተዋይነት ነው፤ ውለታውንም አንክድም። የጎደለው ግን ያሰበውን ከዳር የሚያደርስበት ትዕግሥት፣ ከዋና ከተማው ወራት ሙሉ ርቆ መቆየት የሚያስከትለውን የሚያሰላበት ልማድ፣ «ጌታዬ ይህ አያዋጣም» የሚለውንም የመስማት ጆሮ ነበር። እነዚህን ሰው ሲወለድ ይዟቸው አይመጣም፤ ከመምህር ፊት ተቀምጦ፣ ተሳስቶ፣ ተቀጥቶ፣ ደግሞ ሠርቶ ነው የሚለምዳቸው። ኢያሱ ያን የሚለምድበት ዕድሜ ላይ ሳለ ሰው ሁሉ እጅ ይነሣው ጀመር።

መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ከሥልጣን ሲወርድ የነበረው በሐረር ነው። መኳንንቱ የየራሳቸው ፍላጎት፣ የእንግሊዝ፣ የፈረንሳይና የኢጣልያ ሌጋሲዮኖችም የየራሳቸው ስጋት ነበራቸው፤ ክሱም «ሰልሟል» የሚል ነበር። ስለዚህ ቢማር ኖሮ ዙፋኑ አይነካም ነበር ብዬ አልምልም። የደረሰው ግን በእኛው በሰሜን ሸዋ ምድር ላይ ነው የደረሰው። ለልጃቸው ሲሉ ከወሎ የዘመቱት ንጉሥ ሚካኤል ቶራ መስክ ላይ የራስ ልዑልሰገድን ጦር ደመሰሱ፤ ራሱም እዚያው ወደቁ። ጥቅምት 17 ቀን በሰገሌ ጦርነት ደግሞ ንጉሡ ራሳቸው ተሸንፈው ተማረኩ። በሁለቱ ውጊያዎች የረገፈው የወሎና የሸዋ ገበሬ፣ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም፣ አልጋ ወራሹ ተማረ አልተማረ ብሎ ጠይቆ የሚያውቅ አልነበረም። የትልቅ ሰው ልጅ አለመማር ዋጋው የሚከፈለው በራሱ ብቻ ቢሆን ኖሮ እኔም ይህን ጽሑፍ ባልጻፍኩ። ኢያሱ በ1913 ዓ.ም. ተይዞ እስከ ሞተበት እስከ 1928 ዓ.ም. በእስር ኖረ፤ ለአጭር ጊዜ ከፍቼ ያመለጠባት አንዲት ወቅት ብቻ ነበረች።

አሁን የሚቃወሙንን ወገኖች እንስማ። «ባለጸጋ ልጁን በቤቱ መምህር ቀጥሮ ያስተምር፤ ትምህርት ቤት ለምን?» የሚሉ አሉ። ሃሩን አር-ረሺድ ያደረገው ይህንኑ ነው። ለልጆቹ ለአል-አሚንና ለአል-መእሙን የነሕውን ሊቅ አል-ኪሳኢን ቀጠረላቸው። እርሱ በሞተ በጥቂት ዓመት ውስጥ ወንድማማቾቹ ተዋጉ፤ አል-አሚንም በ198 ሂጅራ ተገደለ። ጥፋቱ የአል-ኪሳኢ አይደለም። ሆኖም መምህር ከተማሪው ቤት ሲበላ ምላሱ ይለሰልሳል፤ ይህ የሰው ባሕርይ ነው። ልጁም ከእኩዮቹ ጋር በአንድ ወንበር ተቀምጦ፣ የጫማ ጠራጊ ልጅ ሲበልጠው ካላየ፣ መበለጥን ከየት ይማራል?

ሌሎች ደግሞ፣ «ትምህርቱስ ምን ረባ? በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍልን ፈተና ከወሰዱት ግማሹን ነጥብ ያገኙት ከመቶ 3.3 ብቻ፣ በ2015 ደግሞ 3.2 ብቻ ናቸው» ይላሉ። ቁጥሩ እውነት ነው፤ ያሳፍራልም። ነገር ግን ጉድጓዱ ውኃው ስላነሰ ውኃ መጠጣት ይቀራል አይባልም። ይልቅስ ድኃው ልጁን የሚያስጠናለት መምህር መቅጠር ሳይችል ሲቀር፣ የሚችለው ባለጸጋ ልጁን ከትምህርት ማውጣቱ ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው።

«ልጁ እኮ ሥራ ይዟል፤ ይሮጣል፣ ኳስ ይጫወታል» የሚለው ክርክር ከሁሉ የተሻለው ነው። ለዚህ መልሱን ከራሳቸው ከዝነኞቹ እንውሰድ። ኃይሌ ገብረሥላሴ በልጅነቱ ዐሥር ኪሎ ሜትር እየሮጠ ትምህርት ቤት ይሄድ እንደነበር፣ ደብተሩን ይዞ የለመደው ክንዱም በውድድር ላይ ሳይቀር ታጥፎ ይታይ እንደነበር ዓለም ያውቃል። ያ ክንድ ትምህርት ቤት የሚወስደው መንገድ ያስቀረው ምልክት ነው። አሜሪካዊው የቅርጫት ኳስ ተጫዋች ሻኪል ኦኒልም በ1992 እ.ኤ.አ. ዩኒቨርሲቲውን ትቶ ወደ ገንዘቡ ከሄደ በኋላ፣ ሚሊዮኖች እያሉት ተመልሶ በ2000 ዲግሪውን ይዟል። በ2021 ስለ ስድስት ልጆቹ ሲጠየቅ፣ ሀብታሙ እሱ እንጂ እነሱ እንዳልሆኑ፣ ዲግሪ ሳይዙም ለንግዳቸው ገንዘብ እንደማያወጣላቸው ተናግሯል። ሰውየው ሱረቱ-ን-ኒሳእን ይወቅ አይወቅ የእኔ ጉዳይ አይደለም። ያደረገው ግን የወሊይን ሥራ ነው፤ ፈተናውን ከገንዘቡ በፊት አስቀመጠ።

ውድ አንባቢ! ይህን ሁሉ ስታነብ «እኔ ዝነኛም ባለጸጋም አይደለሁ፤ ምን አገባኝ?» ብለህ ይሆናል። ሀብት ግን በመጠን ይለያያል እንጂ በእያንዳንዱ መንደር የራሱ ባለጸጋ አለው። እኅቱ ሪያድ ወይም ጅዳ በሰው ቤት እየሠራች በምትልከው ገንዘብ ስልክና ሞተር ሳይክል የገዛው የስምንተኛ ክፍል ልጅ በመንደሩ ዓይን የከበርቴ ልጅ ነው። እኅቱ በሌሊት ተነሥታ የምትለቀልቀው ወለል የእሱ ዘጠነኛ ክፍል እንዲሆን ነበር፤ እሱ ግን «እንጀራዬ ተጋግሯል» ብሎ ወጣ። የሰው ላብ በማይማር እጅ ሲገባ ይህን ይመስላል። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በክልላችን በተነሣው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው፣ መማር የፈለገ ልጅ ቤቱ ሲቀመጥ አይተናል። በሩ የተከፈተለት ልጅ በገዛ እጁ ሲዘጋው ዝም ብለን መሳቅ የለብንም።

ስለ ሴት ልጆችም አንድ ቃል ልበል። ባለጸጋ ቤት «ልጄ ምን ጎድሏት» ተብላ በአሥራ ስድስት ዓመቷ ከክፍል ወጥታ ትዳራለች። የአገሪቱ የቤተሰብ ሕግ 18 ዓመት ማለቱን ለጊዜው እንተወው። የፈትሉና የድመቷ ፈተና የተጻፈው ለማን ነበር? ሴት ልጅ ገንዘቧ የራሷ ስለሆነ ነው በሩሽድ የምትፈተነው፤ በባሏ ሩሽድ አትታለፍም። የእናታችን ኸዲጃ (ረ.ዐ.) የንግድ ቅፍለት በሩሽድ የሚመራ ነበር።

የቀረው አንድ ከባድ ጥያቄ ነው። ልጁ ተፈተነ፣ ተደጋገመለት፣ ግን አልሆነም እንበል። አሥራ ስምንት ሞላው፣ ሃያ ሞላው፤ አባቱም አረጀ። ገንዘቡ ይሰጠው? እዚህ ላይ ዑለማው ተለያይተዋል። ኢማም አቡ ሐኒፋ ሃያ አምስት ዓመት ሲሞላው ሩሽድ ባይታይበትም ይሰጠው ብለዋል፤ በዚያ ዕድሜ ሰው አያት ሊሆን ይችላልና እንደ ልጅ መያዝ አይገባውም ባዮች ናቸው። ሁለቱ ታላላቅ ደረሶቻቸው አቡ ዩሱፍና ሙሐመድ፣ እንዲሁም ኢማም ማሊክ፣ ሻፊዒይና አሕመድ፣ ሩሽድ እስካልታየ ድረስ ሽማግሌ ቢሆንም አይሰጠውም ብለዋል። እኔ በምቀራባቸው ዓመታት ሁለተኛው አባባል ይከብደኝ ነበር፤ ሰውን ዕድሜ ልኩን ልጅ ማድረግ መስሎ ይታየኝ ነበር። አሁን በዙሪያችን የሚሆነውን ሳይ ወደ ብዙኃኑ አዘነብላለሁ። የባለጸጋ አባቶች ጉዳይ ላይ ግን ከዚህ በፊት የሚጠየቅ አለ፤ ልጁ ሃያ አምስት ከመሙላቱ በፊት በነበሩት ዐሥር ዓመታት ስንት ጊዜ ተፈትኗል? ፈታኙስ ማን ነበር? ወላሁ አዕለም።